በአባታችን ስም የቆመው ቤት

ውድ የጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች! በዚህ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ስለ ፈተና፣ ስለ ፕሮጀክት፣ ስለ ምደባና ስለ ሥራ እናወራለን። ስለ ወላጆቻችን የምናወራው አብዛኛውን ጊዜ ዱዓ ስንለምን ነው፤ «አባቴን ትንሽ አሟቸዋል፣ ዱዓ አድርጉላቸው» እንላለን። ከዚያ ያለፈ ንግግር ብዙም አይሰማም። እኛ ግን ሃያዎቹን ስንጀምር ወላጆቻችን ስድሳና ሰባን እየተሻገሩ ነው። እኛ ወደ ዱንያ ስንገባ እነሱ ኃላፊነታቸውን ማስረከቢያ ዘመን ላይ ደርሰዋል። ጽሑፋችን ስለዚህ ርክክብ ነው፤ ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ውክልና፣ ስለ ዕዳና ስለ ውርስ። ርዕሱ የሽማግሌዎች ይመስላል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ከደከሙ በኋላ ችግሩን የምንረከበው እኛ ነን።

እንደ ምሳሌ የምናቀርበው የራሳችንን ቤት ነው። የሌላውን ሰው ቤት ገመና ከማውጣት የራስን ማውራት ይሻላል። ቤተሰቦቻችንም ሌሎች ይማሩበት ዘንድ ፈቅደውልናል።

ቤቱና ስሙ

አራት ልጆች ነን፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አባታችን ደሴ ውስጥ ለአርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። እናታችን ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ታላቅ እህታችን አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ወደ ጅዳ ሄዳ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። አሁን የምንኖርበት ባለ አራት ክፍል ቤት ብሎኬቱም፣ ቆርቆሮውም፣ በሩም ከእሷ ላብ የመጣ ነው። ሲሚንቶ የተሸከመው፣ ከግንበኛ ጋር የተጨቃጨቀው፣ ሌሊት ብረት የጠበቀው ደግሞ ታላቅ ወንድማችን ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ። ከአራታችን ሦስተኛው እዚህ ግቢ ኢንጂነሪንግ ይማራል። የመጨረሻዋ እህታችን ቤት ቀርታ ወላጆቻችንን ትጦራለች።

ካርታው በአባታችን ስም ነው። ሲሠራ ማንም ስለዚህ አላሰበም፤ ቦታው የእሳቸው ነበርና በእሳቸው ስም መውጣቱ ተፈጥሯዊ ነው። ደግሞስ የትኛው ልጅ «ቤቱን በእኔ ስም አድርጉልኝ» ብሎ አባቱን ይጠይቃል? በወሎም ሆነ በሌላው አገር ልጅ ከዐረብ አገር የሚልከው ገንዘብ ለወላጅ ክብር ነው፤ ደረሰኝ አይጠየቅበትም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አባታችን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ መቀሱን የት እንዳስቀመጡ፣ ቀጥሎ የደንበኛ ልብስ የማን እንደሆነ፣ ከዚያም «ዐስር ሰገድን ወይ?» ብለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጠየቅ። ሐኪሙ ገና ጅማሬ እንደሆነና ብዙ ነገር አሁንም በሙሉ ዐቅላቸው ሊወስኑ እንደሚችሉ ነገረን። «አሁንም» የምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችን።

ስሌቱ

ፈራኢድን በመድረሳ የቀራን ልጆች ስንሆን ሒሳብ ደግሞ የዕለት ሥራችን ነው። ስለዚህ ወረቀት አወጣን። ቤቱ ዛሬ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር ያወጣል እንበል። የአባታችን ወላጆች በሕይወት የሉም።

በሸሪዓ፣ ቤቱ በሙሉ የአባታችን ተሪካ ነው ተብሎ ቢያዝ፣ ሱረቱ ኒሳእ 11 እና 12 ላይ በተደነገገው መሠረት ልጆች ስላሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፤ 300,000 ብር። የቀረው 2,100,000 ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ሆኖ ለስድስት ይከፈላል። ወንዶቹ ለእያንዳንዳቸው 700,000፣ ሴቶቹ ለእያንዳንዳቸው 350,000 ብር ይደርሳቸዋል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስሌቱ ሌላ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና ሚስት የጋራ ነው፤ ስለዚህ ግማሹ 1,200,000 የእናታችን ሆኖ ይወጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስትን ወራሽ አያደርጋትም፤ ልጆች ግን ሴት ወንድ ሳይባል እኩል ይወርሳሉ። የቀረው 1,200,000 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 300,000 ይሆናል።

ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን ዝም አልን። ቤቱን የሠራችው እህታችን በአንዱ ስሌት 350,000፣ በሌላው 300,000 ታገኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ወለል ጠርጋ፣ ረመዳንን በሰው ማድ ቤት አሳልፋ። ብዙዎቻችን ስለ ውርስ ስንከራከር «ሸሪዓው ይሻላል፣ ሕጉ ይሻላል» እንላለን። በእኛ ቤት ግን ሁለቱም እሷን አይደርሱላትም ነበር። ምክንያቱም ሁለቱም የሚያካፍሉት የሟችን ንብረት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ሁሉም የሟች ነው ይላል። ክፍተቱ ያለው ከማካፈሉ በፊት ነው፤ «ምን የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

ሸሪዓችን ለዚህ ቅደም ተከተል አስቀምጧል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የጀናዛው ወጪ፣ ከዚያ ዕዳው፣ ከዚያ ወሲያው፣ በመጨረሻ ውርሱ ይመጣል። እኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ዕዳ የሚባለውን ደረጃ ዘልለን ስናልፈው የሰው ሐቅ እንውጣለን፤ ሐቁ የገዛ እህታችን ቢሆንም።

«ሞቴን ትመኛላችሁ?»

ታዲያ ለምን አይነገርም? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሟርት ይመስላል። አባቱን «ኑዛዜ ጻፉ» የሚል ልጅ ቀብሩን የቸኮለ ነው የሚመስለው። ጎረቤት ቢሰማ «የሰው ልጅ ክፉ፣ በቁሙ ሊከፋፈሉት» ይላል። እናቶችም «ተዉ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አሁን ምን አስቸኮላችሁ?» ይላሉ።

ዲናችን ግን በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። በኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በኩል በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ፣ ወሲያ የሚያደርግበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ያስተምረናል። ሁለት ሌሊት ነው፤ ሰባ ዓመት እስኪሞላ አላለም፣ ሐኪም ተስፋ እስኪቆርጥም አላለም። ከቁርኣን ሁሉ ረጅሟ አንቀጽ፣ አል በቀራህ 282፣ የወረደችው ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች ታዘናለች። በመድረሳ ይህችን አንቀጽ በቃላችን ይዘናታል፤ በቤታችን ግን መቼ ሠራንባት?

ጉዳዩን የከፈትነው በአጎታችን በኩል ነው። አጎታችን የአባታችን ታናሽ ቢሆኑም ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። «አንተ ልጅ ነህ፣ ቃሉ ከእኔ ይውጣ» አሉና የጁሙዓ ሰላት ካበቃ በኋላ ቡና እየተፈላ ስለ ራሳቸው ጀመሩ፤ ያለባቸውን ዕዳ፣ የሰው አማና፣ ያልከፈሉትን የዘካ ሒሳብ እንዳስጻፉ ተናገሩ። ስለ እኛ ቤት አንድም ቃል አልወጣቸውም። አባታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የኔስ ምን አለ? ማን ያውቀዋል?» አሉ። የጠበቅነው ቁጣ አልመጣም። ሲረሱ እሳቸውም ይታወቃቸው ኖሯል፤ ከእኛ በላይ የፈሩትም እሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር እንለግስ። ወላጆቻችሁን ስለ ውርስ አትጠይቋቸው፤ ስለ ዕዳቸው ጠይቋቸው። «ምን ትተውልናላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ያስቆጣል። «ያለባችሁን የሰው ሐቅ አሳውቁን፣ አኺራችሁ ላይ እንዳይቀር እኛ እንክፈልላችሁ» የሚለው ግን ልብን ይከፍታል፤ እውነተኛውም ጥያቄ እሱ ነው።

ከዝርዝሩ የወጣው

አባታችን ሲናገሩ፣ ታናሽ እህታችን በደብተር ጻፈች። ለጨርቅ ነጋዴ የቀረ ገንዘብ። ከሞተ ጓደኛቸው ዘንድ በአማና የተቀመጠ አንድ የስፌት መኪና። ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነው ነገር መጣ፤ የእናታችን መህር። ኒካሑ ሲታሰር ቃል ከተገባው ወርቅ ግማሹ ሳይሰጥ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እናታችን «ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። አባታችን ግን «ይቅር ካልሽም ወደሽ እንጂ አፍረሽ አይሁን» ብለው እንዲጻፍ አዘዙ። ያልተከፈለ መህር በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ከውርስ በፊት ይወጣል። ስንቶቻችን የእናታችንን መህር እናውቃለን?

ቀጥሎ የእህታችን ገንዘብ ሆነ፤ ከባዱም እሱ ነበር። ታላቅ ወንድማችን ቅር አለው። «እሷ የላከችው ለወላጆቿ ኸይር ነው። እኔስ ሦስት ዓመት የሠራሁት አይቆጠርም?» አለ። ቅሬታው ሐቅ አለው፤ ጉልበት እንደ ሐዋላ ደረሰኝ አይወጣለትም። እህታችን በስልክ ነበረች። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ለመድኃኒት፣ ለዒድ፣ ለቀለብ የላኩት የናንተ ነው፤ አላህ ይቀበለኝ። ለቤቱ የላኩትን ግን ስመለስ የምገባበት ብዬ ነው» አለች። ይህን ቃል ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠየቃት ስላልነበረ አልነገረችንም።

በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ፣ ደረሰኝ ያለው ከሌለው ተለይቶ፣ ለቤቱ ሥራ የገባው 960,000 ብር ሆኖ ተገኘ። አባታችን ይህ ዕዳቸው መሆኑን አመኑ። ለወንድማችን ደግሞ ለጉልበቱ ምን እንደሚገባው ከእህታችን ጋር ተነጋግረው፣ ከፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአምስት ዓመት እያከራየ እንዲጠቀም አባታችን ፈቀዱለት፤ ሁላችንም በፊርማችን ተስማማን። አሁን ስሌቱ ተለወጠ። ከ2,400,000 ላይ 960,000 ዕዳ ሲነሳ 1,440,000 ይቀራል። የእናታችን አንድ ስምንተኛ 180,000፣ ለወንዶቹ ለእያንዳንዳቸው 420,000፣ ለሴቶቹ 210,000 ይሆናል። እህታችን ዕዳዋንና ድርሻዋን ስትደምር 1,170,000 ይደርሳታል። የአላህ ድንጋጌ አልተነካም፤ ማንም ከድርሻው አልተቀነሰበትም፤ የተመለሰው የሰው ገንዘብ ነው።

ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሱረቱ ኒሳእ 12 ዕዳንና ወሲያን ስትጠቅስ ማንንም የማይጎዳ እንዲሆን ታስጠነቅቃለች። አንዱን ወራሽ ለመጥቀም የሌለ ዕዳ መፍጠር ግፍ ነው። ጊዜውም ወሳኝ ነው። አንድ ሰው በሞት ሕመሙ ላይ ሆኖ ለወራሹ ዕዳ አለብኝ ቢል ዑለማኦች ይለያያሉ፤ በሐነፊ መዝሀብ ሌሎቹ ወራሾች ካላመኑለት አይጸናም፤ ሻፊዒዮች ደግሞ ይቀበሉታል። በጤና ዘመን የተደረገ እውቅና ግን ከዚህ ክርክር ይድናል። ኡስታዛችን «አሁን አድርጉት» ያሉን ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ምን ይሁን?

መጀመሪያ ላይ «አባታችን ቤቱን ለእህታችን ይናዘዙላት» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ይህ በሁለት ምክንያት አይሆንም። ወሲያ ከተሪካው ሲሶ መብለጥ የለበትም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ሳሉ ከሀብታቸው አብዛኛውን ለሰደቃ ሊናዘዙ ሲጠይቁ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሶውን ፈቅደው እሱም ብዙ መሆኑን ነግረዋቸዋል፤ ወራሾችን ለሰው እጅ ከመተው ራሳቸውን ችለው መተው እንደሚሻልም አስተምረዋል። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በስተቀር ለወራሽ ወሲያ የለም። ወሲያ የሚጠቅመው ለማይወርስ ሰው ነው፤ አባቱ ቀድሞ ለሞተበት የልጅ ልጅ፣ ላሳደገች የእንጀራ ልጅ፣ ለመስጂድ፣ ለመድረሳ።

በአገራችን ሕግ ደግሞ ኑዛዜ ሦስት ዓይነት ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ላይ መጠቀስ፣ ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ ሙሉውን በእጁ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞት መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው።

ይህን ሦስተኛውን ልብ እንበል፤ በየቤታችን የሚታመነው እሱ ነውና። «አልጋ ላይ ሆነው እንዲህ ብለዋል» ይባላል። ሕጉ ለቃል ኑዛዜ የሚፈቅደው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት መናገርን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳሪ ማመልከትን፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው። ተናዛዡ በሕይወት ከቆየም ከሦስት ወር በኋላ ዋጋ የለውም። ቤት በአልጋ ላይ ቃል አይተላለፍም። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜም ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው።

ሂባ፣ ማለትም በሕይወት እያሉ መስጠት፣ ሌላ መንገድ ነው። ግን በሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም። በዲናችንም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ አባት ለአንዱ ልጁ ብቻ ሲሰጥ እንዲመሰክሩለት ቢጠየቁ አልተቀበሉም፤ በልጆች መካከል ፍትሐዊ መሆንን አዘዋል። ስለዚህ እኛ የመረጥነው የዕዳ እውቅና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የይርጋ ጥያቄ ይነሳል። አባታችን በምስክሮች ፊት የፈረሙት እውቅና ሁለቱንም ችግሮች ይመልሳል።

ውክልና እስከ የት?

ብዙ ሰው ውክልና ካለው ሁሉ ያለው ይመስለዋል። ታናሽ እህታችን የባንክ ሒሳባቸውን እንድታንቀሳቅስ፣ ግብር እንድትከፍል፣ ሐኪም ቤት ጉዳይ እንድትጨርስ አባታችን ውክልና ሰጥተዋታል። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመስጠት ወይም በክስ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ሥራው በወረቀቱ ላይ በስሙ መጠቀስ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ቀጣዩ ነው። በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። ማለትም ውክልናው በጣም የሚያስፈልገን ቀን፣ አባታችን ማወቅ ያቆሙ ቀን፣ ወረቀቱ ሊከዳን ይችላል። በሰፈራችን አንድ ቤተሰብ አባታቸው ከሞቱ በኋላ በአሮጌው ውክልና ቤት ለመሸጥ ሲሞክሩ ነገሩ ወደ ክስ ሄዶ ወንድማማቾች ከአንድ መስጂድ እስከ መለያየት ደርሰዋል። ስለዚህ ስምምነቱ ውክልናው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ወካዩም የሚያደርጉትን በሚያውቁበት ጊዜ ይፈርሙ።

ጊዜው ካለፈ በሩ ጨርሶ አይዘጋም። ባለቤት፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ጠይቆ ፍርድ ቤቱ ሰውየው በፍርድ እንዲከለከልና ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ሞግዚት እንዲሾም ሊያደርግ ይችላል። ግን ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ አባትን በችሎት «የማይችል» ማስባልም ልብ ይሰብራል። በፍርድ ከተከለከለ በኋላም ሰው ኑዛዜ ማድረግ አይችልም።

የትኛው ፍርድ ቤት?

አላህ ያርቀውና ክርክር ቢነሳስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ሦስት ደረጃ ያላቸውን ፍርድ ቤቶች አደራጅቷል፤ ሟች ሙስሊም ከነበረ ውርስን፣ ወሲያን፣ ሂባንና ወቅፍን ያያሉ። ክልሎችም የየራሳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሏቸው። ቁልፉ ቃል «ፈቃድ» ነው። አንድ ወራሽ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሌላ በኩል፣ በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ በሚገባ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። መጥሪያን ችላ ማለት መልስ መስጠት ነው። እኛ አራታችንም ጉዳያችን በሸሪዓ እንዲታይ የምንስማማ መሆናችንን በሽማግሌዎች ፊት ከወዲሁ ተነጋግረናል፤ የዚያን ጊዜ ልባችን እንዳይለወጥ አላህን እንለምናለን።

ገንዘብ ያልሆነው

ወረቀቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ማን ይጦራል? የቤተሰብ ሕጉ በተወላጅና በወላጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል፤ ቀለብ ሲል ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና ማለቱ ነው። አል ኢስራእ 23 እና 24 ግን ከዚያ አልፋ ትሄዳለች፤ እርጅና ሲደርስባቸው የመሰላቸት ቃል እንኳ እንዳንወረውርባቸው ታዘናለች። አባታችን አንድ ጥያቄ አምስት ጊዜ ሲጠይቁ የምትመልሰው ታናሽ እህታችን ናት። ይህን የሚያካክስ ድርሻ በፈራኢድ ሠንጠረዥ ላይ የለም። ስለዚህ በዝርዝሩ መጨረሻ ሌላ ገጽ ጨመርን፤ ማን በየወሩ ምን ያህል ያዋጣል፣ ማን በየትኛው ዕረፍት መጥቶ እሷን ያሳርፋል፣ ትምህርቷን መቼ ትቀጥላለች። በዚህ ክረምት ሦስተኛው ልጅ ግቢ ለተጨማሪ ኮርስ አይቆይም፤ ተራው ነው።

በምሕንድስና ትምህርታችን አንድ ሕንጻ ሲያልቅ በትክክል እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ሥዕል ይዘጋጃል፤ ቧንቧው የት እንዳለፈ፣ ብረቱ ምን ያህል እንደሆነ። ያ ሥዕል ከሌለ በኋላ የሚጠግን ሰው ግድግዳውን በግምት ይሰብራል። የወላጆቻችንም ነገር እንደዚያው ነው። ነግረው ካላስጻፉን በግምት የምንሰብረው እርስ በርሳችንን ነው።

ሁሉም ነገር አማረ አንልም። ታላቅ ወንድማችን ፈርሟል፤ ፊቱ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። እህታችን ከጅዳ ገና አልተመለሰችም። አባታችን ደግሞ ባለፈው ወር የፈረሙትን ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቁን። እህታችን በስልክ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። «ሐቅሽን ሰጠሁሽ?» አሏት። «አዎ አባዬ፣ ሰጥተውኛል» አለቻቸው። ፈገግ አሉ። በነጋታው እንደገና ጠየቁ። ወረቀቱ ስላለ ግን እሳቸው ቢረሱም ሐቁ አይጠፋም።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! የሴሚስተር ዕረፍት እየመጣ ነው። አገር ቤት ስትገቡ እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ። የወላጆቻችሁን ዕዳ፣ አማናና ያልወጣ ዘካ በደብተር አስጽፉ። የእናታችሁን መህር ጠይቁ። ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዐረብ አገር ያለችው እህታችሁ የላከችው ስጦታ ይሁን ብድር እሷን ራሷን ጠይቋት። የገጠር መሬት ካላችሁ በክልሉ የመሬት ሕግ ስለሚመራ ለብቻው አጣሩ። የውክልና ወረቀት ካለ አውጥታችሁ አንብቡት። የሚያከብሩትን ሽማግሌ፣ ፈራኢድ የሚያውቅ ዓሊምና አንድ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ አትፈርሙ። ይህ ሁሉ ወላጅ ዐቅሉ ሙሉ ሳለ የሚደረግ ነው።

አላህ ወላጆቻችንን በዒባዳ የተሞላ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። በሕይወት የሌሉትን ይማርልን፤ ያለባቸውን ዕዳ የምንከፍል ልጆች ያድርገን። ወንድማማችነታችንን ከውርስ ጠብ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።